ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል፦ በሁካታ መካከል ጽሞናን የጠበቁ አባት

ከትምህርተ ክርስቶስ መምህራንና ከቤተሰብ ኃላፊዎች ጋር በምንገናኝበት ጊዜ ደጋግመን የምንሰማው አንድ ቅሬታ አለ። ከጸሎት የሚያርቀን ክህደት አይደለም፤ ኃጢአትን መውደድም አይደለም፤ የጊዜ ማጣትና የሐሳብ ብዛት ነው ይባላል። ለጸሎት እንንበረከካለን፤ ገና አማትበን ሳንጨርስ ግን የገበያው ሒሳብ፣ የልጆች የትምህርት ቤት ወጪ፣ የታመመው ዘመድና ያልተመለሰው ብድር በየተራ እየገቡ ልባችንን ይሞሉታል። ከተንበረከክንበት ስንነሣም ጸለይን ለማለት እንቸገራለን።

የምንኖርበትም ስፍራ ጸጥታን በቀላሉ የሚሰጥ አይደለም። እንጅባራ መንገዶች የሚገናኙባት ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚጓዘው ተሽከርካሪ በመካከሏ ያልፋል፤ ወደ ቻግኒና ወደ መተከል የሚያመራውም መንገድ ከእርሷ ይገነጠላል። ከሰል ወይም ድንች የጫነው አይሱዙ ሌሊት ሲያጓራ ያድራል፤ ጎሕ ሲቀድ ደግሞ ባጃጁ ይተካዋል። በዳንግላም በገበያ ቀን እህሉንና ከብቱን ይዞ ከየገጠሩ የሚመጣው ሕዝብ መንገዱን ሞልቶ ይውላል። የድምፅ ማጉያው፣ የቴሌቪዥኑና የእጅ ስልኩ ጩኸት በዚህ ላይ ተጨምሯል። ከ2023 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ወዲህ በክልላችን የተነሣው ግጭት ያመጣውን ሥጋትና ወሬ ስናስብ ደግሞ፣ ከጆሮ ሁካታ የከፋ የልብ ሁካታ እንዳለ እንረዳለን።

ብዙዎቻችን የዚህ መድኃኒቱ ስፍራ መለወጥ ይመስለናል። ዘንገና ሐይቅ ዳር ብቻችንን ብንቀመጥ፣ ወይም ገዳም ገብተን ጥቂት ቀናት ብንሰነብት ሰላም እናገኝ ነበር እንላለን። ምኞቱ መልካም ነው፤ ሲቻልም ሊፈጸም ይገባዋል። ነገር ግን የሚያለቅስ ሕፃን ያላት እናት፣ የዘር ጊዜ የደረሰበት ገበሬ፣ ሱቁን ዘግቶ መዋል የማይችል ነጋዴ እንዲህ ያለውን ዕድል የሚያገኙት ከስንት አንድ ጊዜ ነው። ታዲያ ጽሞና የባለ ጊዜዎች ሀብት ብቻ ነውን? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን ሕይወት ሩቅ አገር ሳንሄድ በዚሁ በጎጃም ምድር እናገኛለን። እርሱም የብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ሕይወት ነው። እኚህ አባት ጽሞናን ለማግኘት ብዙ ስፍራ ዞረዋል፤ በመጨረሻ ግን ጸጥታ ፈጽሞ በማይገኝበት ስፍራ ይዘውት ታይተዋል።

የመርጡለ ማርያም መነኩሴ

አባ ገብረ ሚካኤል በ1791 ዓ.ም. ገደማ በመርጡለ ማርያም አጠገብ ዲቦ በተባለች መንደር ተወለዱ። ከእኛ ከአዊ ምድር ሆነን ስንመለከት አገራቸው ከጮቄ ተራራ ማዶ በስተምሥራቅ፣ ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚያዘነብለው ወገን ይገኛል። በልጅነታቸው የአንድ ዓይናቸውን ብርሃን አጡ። የቀራቸው አንድ ዓይን ግን መጽሐፍ ከመመርመር አላገዳቸውም፤ ከልጅነት እስከ እርጅና ትምህርትን የሙጥኝ ያሉ ሰው ነበሩ።

ያደጉበት ዘመን ዘመነ መሳፍንት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በጎንደር በስም ብቻ ተቀምጠው፣ የየአውራጃው መሳፍንት እርስ በርሳቸው ይዋጉ ነበር። የነጋሪት ድምፅ በተሰማ ቁጥር ገበሬው እህሉን ይሸሽግ፣ ከብቱን ወደ ጫካ ይነዳ ነበር። ሠራዊት ባለፈበት መንገድ ሁሉ የሚበላ ነገር አይተርፍምና። ስለዚህ አባ ገብረ ሚካኤል የኖሩበት ዘመን ከእኛ ዘመን ይልቅ ጸጥታ ነበረው ብለን ልናስብ አይገባንም።

የጎጃም የአብነት ትምህርት ቤትም ቢሆን የጸጥታ ስፍራ አልነበረም። ንባቡም ዜማውም በከፍተኛ ድምፅ ይጠናል፤ በአንድ ጉባኤ የተሰበሰቡ ተማሪዎች ሁሉም በየራሳቸው ትምህርት ድምፃቸውን ያሰማሉ። ሆኖም የቅኔ ተማሪ ሌላ ልማድ አለው። ቅኔውን ሊቆጥር ሲፈልግ ከባልንጀሮቹ ጥቂት ፈቀቅ ይላል፤ ከዛፍ ሥር ወይም ከመቃብር ቤት ጥግ ተሸፋፍኖ ይቀመጣል፤ ቃሉ እስኪመጣለት በዝምታ ይጠብቃል። አባቶቻችን ድምፅና ዝምታ ሁለቱም ለእውቀት እንደሚያስፈልጉ፣ ከጥልቁ የሚቀዳው ቃል ግን በዝምታ እንደሚገኝ ያውቁ ነበር። አባ ገብረ ሚካኤል ያደጉበት አገር ባህል ይህ ነበር።

ዕድሜያቸው ሃያ አምስት ዓመት ያህል ሲሆን በመርጡለ ማርያም ገዳም መነኰሱ። ይህ ስፍራ እቴጌ እሌኒ በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ያሠሩበት፣ በታሪክ የታወቀ ደብር ነው። ወጣቱ መነኩሴ ግን በገዳሙ ስም ብቻ አልረኩም። የምንኩስና ሥርዓት ከጥንቱ አባቶች ዘመን ይልቅ ላልቶና ደክሞ ታያቸው፤ ለምን እንዲህ እንደ ሆነም ለማወቅ ፈለጉ። ስለዚህ በፈቃድ ተነሥተው ከገዳም ወደ ገዳም እየተዘዋወሩ የቆዩ መጻሕፍትን መረመሩ። ልብ ብለን ብናይ፣ ገዳም የገቡት እኚህ ሰው እዚያ ሆነው እንኳ የልባቸውን ዕረፍት ገና አላገኙም ነበር። ግንቡ ሁካታን ከውጭ ያስቀራል እንጂ የሰው ልብ የያዘውን ጥያቄ ሊያስቀር አይችልም።

በጎንደር ጉባኤ

ፍለጋቸው ወደ ጎንደር መራቸው። ጎንደር የሊቃውንት ከተማ ነበረች፤ የክርክርም ከተማ ነበረች። ስለ ጌታችን ተዋሕዶና ልደት ካራ፣ ቅባትና ጸጋ በሚሉ ስሞች የተለያዩ ወገኖች ለብዙ ዘመን ሲከራከሩ ኖረዋል። ክርክሩም በሊቃውንቱ ዘንድ ብቻ አልቀረም፤ መሳፍንቱ ወገን እየያዙ፣ ገዳማቱም እየተከፋፈሉ የአገሪቱን መለያየት አባብሶታል። አባ ገብረ ሚካኤል በዚያ ተማሩ፤ አስተማሩም፤ በእውቀታቸውም የታወቁ ሆኑ።

ሊቅነት ግን ሰላም አይደለም። የክርክር ሰው የሚያዳምጠው መልስ ለመስጠት ነው፤ ባልንጀራው ተናግሮ ሳይጨርስ እርሱ በልቡ የሚመልሰውን ያዘጋጃል። እንዲህ ሲሆን አፉ ዝም ቢልም ውስጡ ይጮኻል። በየቤታችንና በየስብሰባችን የምናየው ይህንኑ ነው። ባልና ሚስት ይነጋገራሉ፤ አይሰማሙም፤ ሁለቱም ተራቸውን ይጠብቃሉ እንጂ አይሰሙምና። አባ ገብረ ሚካኤል ከዚህ የጉባኤ ማዕበል መካከል ሆነው ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ ተጠጋ። ከዚያ በኋላ ኢየሩሳሌምን ለማየት፣ ከሩቅ አገር ሊቃውንትም እውነቱን ለመጠየቅ ያላቸው ናፍቆት በረታ።

ረጅሙ ጉዞ

ምክንያቱ በ1841 ዓ.ም. ተገኘ። የትግራይና የስሜን ገዥ ደጃዝማች ውቤ ከእስክንድርያ መንበር ጳጳስ ለማስመጣት ወደ ካይሮ መልእክተኞችን ሲልኩ፣ መልእክተኞቹን እንዲመሩ የለመኑት በዓድዋ የተቀመጡትን የካቶሊክ ካህን ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስን ነበር። እኚህም የአገራችን ሰዎች አቡነ ያዕቆብ የሚሏቸው፣ በ1800 ዓ.ም. በደቡብ ኢጣልያ በሳን ፌሌ የተወለዱ፣ የቅዱስ ቪንሴንስ ልኡካን ማኅበር አባል ናቸው። አባ ገብረ ሚካኤል ከጎንደር ከተላኩት ሊቃውንት አንዱ ሆነው ከእርሳቸው ጋር ተጓዙ።

ልኡካኑ ካይሮ ደረሱ፤ አቡነ ሰላማም ለኢትዮጵያ ተሾሙ። ከዚያም ከመልእክተኞቹ ከፊሉ፣ አባ ገብረ ሚካኤልም ጭምር፣ ከአቡነ ያዕቆብ ጋር ወደ ሮማ አለፉ፤ በነሐሴ ወር 1841 ዓ.ም. በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 16ኛ ፊት ቀረቡ። ሲመለሱም ለብዙ ዘመን ሲናፍቋት የኖሩትን ኢየሩሳሌምን ተሳለሙ።

በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ጉዞ በበቅሎ፣ በግመል፣ በጀልባና በመርከብ ወራትን የሚፈጅ ነበር። ሰው አብሮት የሚጓዘውን የሚያውቀው በመንገድ ነው። በቤተ መንግሥትና በጉባኤ ራሱን የሚሸሽግ ሰው በረሃብ፣ በሙቀትና በድካም ሊሸሸግ አይችልም። የአገራችን ሊቃውንት ባዕድ የሆነውን ካህን በመጀመሪያ በጥርጣሬ መመልከታቸው አያስደንቅም። አባ ገብረ ሚካኤል ግን በዚያ መንገድ ለብዙ ወራት ያዩት አንድ ነገር በልባቸው ቀረ። አቡነ ያዕቆብ የሚጸልዩ ሰው ነበሩ፤ የሚያዳምጡም ሰው ነበሩ።

ሰሚው አባት

አቡነ ያዕቆብ በ1839 ዓ.ም. መጨረሻ ዓድዋ ሲገቡ ወዲያው ለስብከት አልተነሡም። ቋንቋ ተማሩ፤ የአገሩን መነኩሴ ልብስ ለበሱ፤ የአገሩን ምግብ ተመገቡ፤ ድሆችንና በሽተኞችን ጎበኙ፤ ረጅም ሰዓት ጸለዩ። ለተሰበሰቡ ጥቂት ሰዎች የመጀመሪያውን ንግግር ያደረጉት በ1840 ዓ.ም. በጥር ወር ነው። ከዚያም በኋላ ቢሆን የኢትዮጵያን ሥርዓተ አምልኮ አክብረውና ወደው የኖሩ ሰው ነበሩ። ዝምታቸው የሚናገሩት ስላጡ አልነበረም፤ ከመናገር በፊት መስማት ይገባል ብለው ነው።

አባ ገብረ ሚካኤልም ከጉዞ ከተመለሱ በኋላ አልቸኮሉም። ያዩትንና የሰሙትን በልባቸው አመላለሱ፤ መጻሕፍትን እንደ ገና መረመሩ፤ ጠየቁ፤ ጸለዩ። ከሮማው ጉዞ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ያህል ካለፈ በኋላ፣ በየካቲት ወር 1844 ዓ.ም. በአቡነ ያዕቆብ አማካይነት ከካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ጋር አንድነት ፈጸሙ። በዚህ ጊዜ ዕድሜያቸው ከሃምሳ አልፎ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ሰላሳ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በገዳምና በጉባኤ የፈለጉትን ዕረፍት ያገኙት በአንድ አዲስ ስፍራ አይደለም፤ በአንድ አዲስ ክርክርም አይደለም። ያገኙት በሚሰማ ሰው አጠገብ ሆነው እርሳቸውም መስማትን በተማሩ ጊዜ ነው። ብዙ ጊዜ ጽሞናን እንደ ባዶነት፣ ድምፅ እንደሌለበት ክፍል አድርገን እናስበዋለን። እንዲህ አይደለም። ጽሞና ለእግዚአብሔርና ለባልንጀራ በልብ ውስጥ የተለቀቀ ስፍራ ነው። ዝምታ የአፍ ነው፤ ጽሞና ግን የልብ ነው።

ከዚያ በኋላ የነበራቸው ኑሮ የሥራ ኑሮ ነው። አቡነ ያዕቆብ በ1845 ዓ.ም. በአጋሜ ምድር በጓላ ላቋቋሙት የዘርአ ክህነት ትምህርት ቤት መምህር ሆኑ፤ ትምህርተ ክርስቶስን በአገር ቋንቋ በማዘጋጀትና በመጻሕፍት ትርጉም ረዷቸው። እናንት የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ እኚህን አባት ከእናንተ እንደ አንዱ ልትቆጥሯቸው ትችላላችሁ። በ1851 ዓ.ም. ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ ሲደርስ በአቡነ ያዕቆብ እጅ ቅስና ተቀበሉ። በዚህ ዕድሜ ካህን መሆናቸው የትሕትናቸው ምስክር ነው።

በሰንሰለትና በሠራዊት መካከል

በ1850ዎቹ ዓመታት የአገሪቱ መልክ ተለወጠ። የቋራው ካሣ ኃይሉ መሳፍንቱን አንድ በአንድ ድል እየነሡ፣ የተከፋፈለችውን አገር በአንድ መንግሥትና በአንድ ሃይማኖት ሥር ለመሰብሰብ ተነሡ። በ1855 ዓ.ም. በየካቲት ወር በደረስጌ ማርያም ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡት እኚህ ናቸው። ካቶሊካውያን በዚህ ዐቅድ ውስጥ ስፍራ አላገኙም። በሐምሌ ወር 1854 ዓ.ም. አቡነ ያዕቆብና አባ ገብረ ሚካኤል ከጥቂት ባልንጀሮቻቸው ጋር በጎንደር ተያዙ። አቡነ ያዕቆብ ከወራት እስር በኋላ ከአገር እንዲወጡ ተደረገ፤ አባ ገብረ ሚካኤል ግን በእስር ቀሩ። ሃይማኖታቸውን እንዲተዉ በየጊዜው ተጠየቁ፤ ተገረፉ፤ እግራቸው በግንድ ታሰረ። ሐሳባቸውን ግን አልለወጡም።

ይህን ስንጽፍ ማንንም ለመውቀስ እንዳልሆነ አንባብያን እንዲረዱልን እንወዳለን። በዚያ ዘመን የሃይማኖት ልዩነት በኃይል ሊፈታ እንደሚችል በብዙ አገር ይታመን ነበር፤ በካቶሊካውያን እጅ የተፈጸመም በደል በታሪክ አለ። ከሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ (1962–1965) ወዲህ ቤተ ክርስቲያናችን ከኦርቶዶክሳውያን ወንድሞቻችን ጋር በፍቅርና በመከባበር እንድንኖር ታስተምረናለች። ሰማዕትን የምናስበው ቂም ለመያዝ ሳይሆን ጽናቱን ለመማር ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1855 ዓ.ም. ወደ ወሎና ወደ ሸዋ ሲዘምቱ እስረኛው መነኩሴ በሰንሰለት ታስረው ከሠራዊቱ ጋር ተነዱ። በግንቦት መጨረሻ በወሎ ምድር ለፍርድ ቀረቡ፤ በሞት እንዲቀጡ ከተፈረደ በኋላ አማላጆች ስለ ለመኑላቸው ቅጣቱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። ከዚያም ጉዞው ቀጠለ።

በዚያ ዘመን የዘማች ሠራዊት ምን ይመስል እንደ ነበር እናስብ። ወታደሩ ብቻ አይደለም የሚጓዘው። ሚስቶችና ልጆች፣ ጠጅና ጠላ ጣዮች፣ ስንቅ ተሸካሚዎች፣ ነጋዴዎች፣ የሚነዱ ከብቶችና የጭነት አጋሰሶች አብረው ይተማሉ። ነጋሪት ይጎሰማል፤ መለከትና እምቢልታ ይነፋል፤ አዝማሪ ይዘፍናል፤ ቁስለኛ ያቃስታል። በምሽት እሳት ይነዳል፤ ሌሊቱን ሙሉ ፉከራና ለቅሶ ይቀላቀላል። በእንጅባራ አደባባይ የምንሰማው ሁካታ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም። በዚህ መካከል ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ አንድ ዓይና፣ በግርፋት የደከሙ ሽማግሌ በክረምት ጭቃ ውስጥ ሰንሰለታቸውን እየጎተቱ ይሄዱ ነበር።

እኚህ ሰው ፈቀቅ ብለው የሚጸልዩበት ስፍራ አልነበራቸውም። የሚያነቡት መጽሐፍ አልነበራቸውም፤ መጽሐፍ ለነፍሳቸው እንጀራ ለሆነላቸው ሰው ይህ ቀላል መከራ አይደለም። የሚቀድሱበት መንበር አልነበራቸውም። የመነሻና የማረፊያ ሰዓታቸውን የሚወስነው ሌላ ነበር። ጸጥታን የሚሰጡ ናቸው የምንላቸው ነገሮች ሁሉ ተወስደውባቸዋል። ነገር ግን በትዕግሥታቸውና በእርጋታቸው የተነሣ ጠባቂዎቻቸው ሳይቀሩ እንዳከበሯቸው የሕይወታቸው ታሪክ ይናገራል። ያልተወሰደባቸው አንድ ነገር ነበረ፤ እርሱም አስቀድሞ በልባቸው የተከማቸው ጽሞና ነው።

ወንጌል ስለ ጌታችን የሚነግረንን እናስታውስ። ማዕበል በተነሣ ጊዜ ደቀ መዛሙርቱ ሲጨነቁ እርሱ በጀልባዋ ኋላ ተኝቶ ነበር። ማዕበሉ ወደ ጀልባዋ ገብቶ ነበር፤ ወደ እርሱ ልብ ግን አልገባም። ኋላም ተነሥቶ ባሕሩን ጸጥ ያሰኘው ከዚያው በልቡ ካለው ጸጥታ ነው። የእርሱ ተከታይ የሆነው መነኩሴም በሠራዊት ባሕር መካከል የጌታውን እርጋታ ተካፈለ ብንል ስሕተት አይሆንም።

አባ ገብረ ሚካኤል በድካምና በበሽታ ተሸንፈው ነሐሴ 28 ቀን 1855 ዓ.ም. በጉዞ ላይ ሳሉ ዐረፉ። በመንገድ ዳር ተቀበሩ። አቡነ ያዕቆብም በ1860 ዓ.ም. እንዲሁ በጉዞ ላይ ሳሉ በበረሃ ዐረፉ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ በ1926 ዓ.ም. አባ ገብረ ሚካኤልን ሰማዕትና ብፁዕ ብለው አወጁ፤ አቡነ ያዕቆብም በ1975 ዓ.ም. በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ ቅዱስ ተባሉ። ተማሪው ከመምህሩ አስቀድሞ የብፁዓንን ማዕረግ ማግኘቱ የሚገርም ነው፤ መምህሩ ብፁዕ የተባሉት በ1939 ዓ.ም. ነውና።

ለእኛ የሚተርፈን ትምህርት

ከዚህ ሕይወት የምንማረው የመጀመሪያው ነገር፣ ጽሞና በችግር ቀን እንደማይጀመር ነው። አባ ገብረ ሚካኤል በሰንሰለት ሳሉ የኖሩት ለአርባ ዓመት በትንሽ በትንሹ ካከማቹት ነው። ገበሬ በክረምት የሚበላውን በበጋ ጎተራ ያስገባል እንጂ ዝናብ ሲጀምር አጨዳ አይወጣም። እኛም ሰላም ባለበት ቀን አምስት ደቂቃ ካልቆጠብን፣ የመከራ ቀን ሲመጣ ከባዶ ጎተራ ልንሰፍር አንችልም።

ሁለተኛው፣ ጽሞና በተለየ ስፍራ ብቻ እንደማይገኝ ነው። እናት ምጣዱ እስኪግል በምትጠብቅበት ጊዜ፣ ወይም ቡናው እስኪፈላ ባለው ጊዜ ልቧን ወደ እግዚአብሔር ልታነሣ ትችላለች። ገበሬ በሬዎቹን ፈትቶ በሚያሳርፍበት ሰዓት መቁጠሪያውን ሊያወጣ ይችላል። ባለ ሱቁ መዝጊያውን ከመክፈቱ በፊት፣ ሾፌሩ ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት አንድ አፍታ ቢቆም ማንም አይከለክለውም። ጊዜያቱ ትንንሾች ናቸው፤ በእነርሱ ፈንታ ስልካችንን ማውጣት ስለ ለመድን ብቻ የሌሉ መስለውናል። በቅዳሴም ቅዱስ ቍርባን ከተቀበልን በኋላ ያለውን ጸጥታ በወሬና በመቻኮል አናባክነው።

ሦስተኛው ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ነው። ከሥራ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ጸሎት ቤት እየሮጣችሁ እንደምታገለግሉ እናውቃለን፤ ድካማችሁንም እናከብራለን። ነገር ግን ሕፃናት ከምንነግራቸው ቃል ይልቅ ከእኛ የሚቀዱት ሁኔታችንን ነው። ስለ እግዚአብሔር ሰላም በችኮላ ብናስተምር ሕፃኑ ትምህርቱን ይረሳዋል፤ ችኮላችንን ግን ይወርሳል። ስለዚህ ወደ ክፍሉ ከመግባታችሁ በፊት በደጅ ጥቂት ቁሙ፤ ትምህርቱንም በአንድ ደቂቃ ዝምታ ጀምሩ። በመጀመሪያው ቀን ልጆቹ ይስቃሉ፤ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሳምንት ግን ዝምታውን ራሳቸው የሚጠብቁት ይሆናል። ልጅ ሲጠይቃችሁም መልሱ በእጃችሁ ቢኖር እንኳ አስጨርሱት። አቡነ ያዕቆብ የጎንደሩን ሊቅ የማረኩት በክርክር አልነበረም፤ በጸሎታቸውና በመስማታቸው ነው።

አራተኛውና የመጨረሻው ስለ ወሬ ነው። በሥጋት ጊዜ ወሬ እንደ ሰደድ እሳት ይዛመታል፤ በአንድ ቀን ብዙ ጊዜ የሰማነው ክፉ ነገር ሁሉ እውነት ይመስለናል፤ በእርሱም ተነሥተን ባልንጀራችንን መጠራጠር እንጀምራለን። ያላረጋገጥነውን ነገር ለሌላ አለማስተላለፍ ዛሬ ታላቅ የጽሞና ተግባር ነው። እንዲህ ያለው ዝምታ ፍርሃት አይደለም፤ የጎረቤትን ስም፣ አንዳንድ ጊዜም ሕይወቱን ያድናል። ይሁን እንጂ ግፍ እያየን ዝም እንበል ማለታችን አይደለም። አባ ገብረ ሚካኤል ሲጠየቁ እምነታቸውን በግልጽ መስክረዋል። መናገር በሚገባቸው ጊዜ ያለ ፍርሃት እንዲናገሩ ያስቻላቸው ያው ጽሞና ነው።

ውድ ምእመናን፣ የእንጅባራ ጭጋግ ገና ሳይገፈፍ፣ የዳንግላም ገበያ ሳይደምቅ አንዲት አፍታ አለች። ነገ ጠዋት ያችን አፍታ ለእግዚአብሔር እንተውለት። ብዙ ቃል አያስፈልግም፤ በፊቱ መሆናችንን ማወቅ ይበቃል። በኋላ መኪናው ይጮኻል፤ ስልኩ ይደውላል፤ ሕፃኑም ያለቅሳል። ያን ጊዜ በማለዳ የተቀበልናትን ጸጥታ ይዘን እንወጣለን። ከዲቦ የተነሡት፣ በሰንሰለት መካከል ሰላማቸውን ያልተነጠቁት ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል በጸሎታቸው ይርዱን፤ ለአገራችንም ሰላምን ይለምኑልን። አሜን።